የቢጫዋ ቮልስ ምስጢር

ከሳሪስ ወደ አቃቂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ የአሮጌ ቮልስ ፎቶ በስልኩ ያሳያቸው ነበር።

«ስንት እጅ ዞራ መሰለዎት እኔ ጋ የደረሰችው! ቀለሟን ስፍቅ ስፍቅ መጨረሻ ላይ ይሄ ቢጫ ወጣ። የፋብሪካው ኦሪጅናል ነው ብዬ ሙሉዋን እንደዚያው አስቀባኋት።»

«ወለሏ በአበባ ትሪ የተጣፈ ነበር?»

«እንዴት አወቁ አባባ?»

«የጣፍኩት እኔ ነኛ! ቢጫውም የግቢዬን በር ቀብቼ የተረፈኝ ነው።»

«ኧረ አይቀልዱ! እሁድ ኤግዚቢሽን ላይ ‹ኦሪጅናል› ብዬ ላቀርባት እኮ ነው።»

«አቅርባታ፣ እኔ ምን አገባኝ? ትሪውንስ የት አደረስከው?»

«እንደ ቅርስ ከጎኗ ላስቀምጠው ነው።»

«ተው ልጄ! ባለቤቴ ይሄን ትሪ ጎረቤቷ የወሰደችባት ነው የሚመስላት። እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም።»

«እንግዲያው እርስዎ ስለ ቀለሙ፣ እኔ ስለ ትሪው ትንፍሽ አንልም።»

«ተስማምተናል።»

ቃሊቲ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ፤ አፌን ከከፈትኩ ግን ሳቄ ያመልጠኛል ብዬ ዝም እንዳልኩ አቃቂ ገባሁ።