ወይ ቢላዋው፣ ወይ አንቺ

ከአል ዓይን ወደ አቡዳቢ በአውቶቡስ ስንጓዝ ይመስለኛል፤ የወረርሽኙን ወራት እርስ በርስ አምታታቸዋለሁ። ከኋላዬ፣ ባዶ ወንበር በመካከላቸው ትተው፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሴቶች በማስካቸው ውስጥ ያወሩ ነበር።

«አውራ ጣትሽን ምን አገኘው፣ ልጄ?»

«የክትፎ ቢላዋዬ፣ እትዬ። ይኸው፣ በፎጣ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ።»

«አቤት ትልቀቱ! የፋብሪካም አይመስል።»

«ወደዚህ ልመጣ ስል እናቴ አንጥረኛ ዘንድ ሄዳ ያሠራችልኝ ነው።»

«ታዲያ ወዴት ትወስጅዋለሽ?»

«ማዳም ደሙን ስታይ ‹ኸላስ፣ በቃ! ወይ ቢላዋው ይውጣ፣ ወይ አንቺ› አለችኝ። አቡዳቢ ያለች የአክስቴ ልጅ ጋ ላስቀምጠው ነው።»

«እንዴት ቆረጠሽ ግን?»

«ማዳም በየደቂቃው ሳኒታይዘር ታስቀባናለች። እንደተቀባሁ ብጨብጠው እጀታው አሟለጨኝ።»

«እጅ ሳይደርቅ ቢላዋ ይጨበጣል? ጥፋቱ የሳኒታይዘሩ ነው አትያትም?»

«አልኳት እኮ! ቁስሉ ላይ ጨመረችበት።»

«ወይ ጉድ! እናትሽ ሰምታለች?»

«በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ‹ቢላዋው ደህና ነው?› ብላ ነው።»

«ዛሬ ብትደውልስ?»

«ደህና ነው እላታለሁ። እሱማ ምን ሆነ?»

ልቀባ የከፈትኩትን የሳኒታይዘር ጠርሙስ ቀስ ብዬ ዘግቼ ወደ ኪሴ መለስኩት።