ለራሱ የመሰከረ ሰው

ተቀመጥ ዴልማር፣ ያንን ጉልበትህን ዘርጋው። አዲሱ ጉልበት እንዴት ነው? ይጮሃል? አሮጌውም ይጮህ ነበር፣ ምን ለወጡልህ ታዲያ? ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ብላ። ዓርብ ስለሆነ ነው ምግብ ቤቱ የሞላው። የድንች ቂጣው ትንሽ ሳስቷል... ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁት?

በረዶው ከሐይቁ ላይ ለቀቀ። ማክሰኞ ጀልባዬን አወረድኩ። አዎ፣ በዚያው በመንደሩ የጀልባ መውረጃ። ሌላ የት አለኝ? የሐይቁ ዳር ሁሉ የሰው ግቢ ነው። እኔና ውኃውን የሚያገናኘን ያቺ ቁራጭ መሬት ብቻ ናት።

አትዙር። ከኋላህ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሾርባ እየጠጣ ነው። እሱን በሾርባው እንተወው። እኔ የማወራህ ስለ ሌላ ሰው ነው። ስም አልጠራም። እናቴ ስም እንዳልጠራ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ።

አንተ ሆስፒታል ስለነበርክ የምርጫውን ነገር በደንብ አልሰማህም። ጥያቄው አንድ ነበር፦ መውረጃው ይሸጥ ወይስ አይሸጥ? ገዢው እንደሆነ ተዘጋጅቶ ነበር። ፀጥታ የሚወድ፣ ቤቱ ከመውረጃው አጠገብ ያለ፣ ጨዋ ሰው። የጀልባ ሞተር ሲነሳ ራሱን ያመዋል። እኛ ደግሞ ሞተር እናስነሳለን። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የኛ ነው እንጂ።

ይኸው ሰው ባለፈው መከር የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ያስተማረንን ታስታውሳለህ? ዝይዎቹ ሲነሱ እሱም ወደ ፍሎሪዳ ስለሚነሳ፣ በሌሉበት በፖስታ ድምፅ መስጠትን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ ግድግዳው ላይ እየጠቆመ... «መጀመሪያ ለመንደሩ ጸሐፊ ታመለክታላችሁ፤ የመታወቂያችሁን ግልባጭ አብራችሁ ትልካላችሁ። ወረቀቱ ሲመጣላችሁ ባዶ መሆኑን ለምስክር ታሳያላችሁ። ምስክሩ አጠገባችሁ ሆኖ፣ ምርጫችሁን ግን ሳያይ፣ ምልክት ታደርጋላችሁ። እያየ ታሽጋላችሁ። እናንተ ትፈርማላችሁ፣ እሱም ይፈርማል፣ አድራሻውንም ይጽፋል። ከምርጫው ቀን በፊት እንዲደርስ ቶሎ ትልካላችሁ።» አጠገቤ የተቀመጠችውን በርናዲንን እንቅልፍ ወሰዳት። ቀስቅሶ ከመጀመሪያው ደገመላት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ማን አለው?

ትምህርቱ ደግሞ ፍሬ አፍርቷል። አንተን ራስህን እይ። ከቀዶ ጥገና ወጥተህ፣ በመድኃኒቱ ደንዝዘህ፣ ነርሷን ከኮርኒሱ ጋር እያምታታህ፣ ሁሉንም በሥርዓቱ አድርገሃል። እሷ ያንተን የፍራፍሬ ጄሊ በአንድ እጇ ይዛ ፊቷን አዙራ ቆመችልህ አሉ። ፊርማህ የተረገጠ ሸረሪት ይመስል ነበር። ግን ነበረ። ከሥሩም የሷ፣ ከነአድራሻዋ።

በምርጫው ቀን እኔ ከአዳራሹ ወንበር አልተነሳሁም። ማየት ለማንም የተፈቀደ ነው። ለምን ተቀመጥኩ? ... ልጅ ሆኜ እዚያ መውረጃ ላይ ለበጋ እንግዶች ዓሣ እበልት ነበር። ሥጋው የነሱ፣ ጭንቅላቱ የኔ። እናቴ ሾርባ ታደርገው ነበር። አንዳንድ ሳምንት ሌላ ነገር አልነበረም። ተወው። ሰናፍጩን አቀብለኝ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ፖስታዎቹ። አስፈጻሚዎቹ ከመክፈታቸው በፊት የእያንዳንዱን ፊርማ ያያሉ። ጸሐፊያችን ማርሊስ አንዱን ፖስታ ለየት አድርጋ አቀረበችላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። መራጩ ፈርሟል። ምስክሩም ፈርሟል። ያው ስም። ያው እጅ። ያው አድራሻ።

አትሳቅ፣ አጥንት ይሰነቀርብሃል።

እስቲ አንተ ፍረድ። ክረምቱን የሚያሳልፍበት ሰፈር ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይለዋል። ሰው ሞልቷል። ግን ጥንቁቅ ሰው የማንንም በር እንዲሁ ያንኳኳል? ከራሱ በላይ የሚያምነው ማን አለ? እኔ እንኳ ሳስበው ደስ ይለኛል... ባዶውን ወረቀት ለራሱ አሳይቶ፣ ራሱን «እባክህ ዞር በልልኝ» ብሎ፣ ራሱም ጨዋ ስለሆነ ዞር ብሎለት። ሲጨርስ ራሱን አመስግኖ ይሆናል። ምናልባት እስከ በሩ ሸኝቶታል።

ማርሊስ ፖስታው ገና ሲደርሳት ደውላለት ነበር። ለማስተካከል ጊዜ ነበረው። እሱ ግን ስልኩን አላነሳም። የመንግሥት ሰው ስለሆነች ቁጥሯን ዘግቶባታል። አርቆ አሳቢ ነው ብዬሃለሁ።

በኛ በዊስኮንሲን ግዛት ሕጉ ሕግ ነው፤ ያለ ሌላ ሰው ምስክርነት የተላከ ፖስታ አይከፈትም። ወደ ጎን አስቀመጡት። ከዚያ ተቆጠረ። ይሸጥ ያሉትና አይሸጥ ያሉት... እኩል። እኩል ከሆነ አይሸጥም።

ታዲያ መውረጃውን ማን አዳነው? እኔ ነኝ፣ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት? አንተ ነህ፣ ከነጄሊህ? የለም። ውለታ መካድ ጥሩ አይደለም። እንዲህ ያለ ትልቅ ስጦታ፣ ምስጋና እንኳ ሳይፈልግ ለመንደሩ የሰጠ ሰው አላየሁም። ስለዚህ መውረጃው ላይ መታሰቢያ ሰሌዳ ሰቀልኩለት። ስም ስለማልጠራ ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን ግን በርናዲን እያየች ነው የሰቀልኩት። ሕጉን አውቃለሁ፤ ጥሩ አስተማሪ ነበረኝ።

ከኋላህ ያለው ሰውዬ ሾርባውን ትቶ ተነሳ? ኮቱን እየለበሰ ነው? ይሂድ፣ ይሂድ፣ መንገድ ልቀቅለት። እግርህን ሰብስብ። ደህና እደር፣ ጎረቤት።

እኔ የማወራህን ያንን ሌላውን ሰው ግን ከልቤ ነው የምመርቀው። እግዜር ጤናና ዕድሜ ይስጠው። ከዝይዎቹ ጋር በሰላም ሄዶ በሰላም ይመለስ። የሚወደውን ፀጥታ እስኪጠግብ ይስጠው። የመጨረሻዋ ሰዓት ስትመጣም... አልጋው አጠገብ ተቀምጦ እጁን የሚይዝለት አይጣ። ሰው ቢጠፋ እንኳ፣ እግዜር የገዛ ራሱን አያሳጣው።