በግራዝማች ጢም ላይ የቀረው ጣፋጭ

ክቡራትና ክቡራን፣

እትዬ ሸዋዬ፣ ወደ በሩ አይመልከቱ። ሌላ እንግዳ አልገባም፤ ክቡራን የምለው እናንተኑ ነው። በዚህ ኬክ ቤት «አንቺ እታገኘሁ፣ ውሃ!» ስትባል የኖረች ልጅ ዛሬ ወንበር ተስቦላት ስትጋበዝ ምን ትላለች? እግዚአብሔር ይስጥልኝ ትላለች። ጋሼ አሰግድ፣ ቤትዎ ይሙላ። ሰሃኑን ዛሬ ማን እንደሚያጥበው ግን እስካሁን አልተነገረኝም።

እንደምታውቁት ነርስነት ልማር አዲስ አበባ መሄዴ ነው። ደንበኛችን ግራዝማች ገብረወልድ ይህን ሲሰሙ «ይህች? በሽተኛውን በሳቅ ትገድለዋለች!» አሉ አሉ። ግራዝማች፣ ደርሶኛል። እዚያው መስኮትዎ ሥር ይቆዩልኝ፤ የዛሬው ንግግር እርስዎን ሳይነካ አያልፍም።

የእኛ ኬክ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ነው። ደንበኞቻችን ደግሞ ጾመኞች። ታዲያ ሁዳዴ ሲገባ ምን ይሆናል? ጋሼ አሰግድ በሩን ይዘጋሉ። ኬክ ጋጋሪያችን ቱሳ ወደ አገሩ ወደ ዲክሲስ፣ ወላጆቹ ዘንድ ይሄዳል። ሒሳብ ተቀባያችን እትዬ ሸዋዬ እህታቸው ቤት ገብተው እስከ ፋሲካ የእህታቸውን ባል ፊት ያያሉ። ያን ፊት ያየ ሰው ቅጣቱን ያውቀዋል።

ዘንድሮ ግን ቱሳ ሚስቱን አሰላ አምጥቶ ነበር፤ ያውም እርጉዝ። «ሁለት ወር ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ ይዣት እመለሳለሁ» አለ። «ከተመለስኩ ደግሞ በቃ፣ አልመጣም።» ቱሳ ገና ሳይቀልድ የሚስቅ ሰው ነው። ያን ቀን አልሳቀም።

ጋሼ አሰግድ ኮሪያ ዘምተው ለዕረፍት ጃፓን መግባታቸውን የማያውቅ ሰው አሰላ ውስጥ የለም። ካለም ዛሬ ጠዋት የተወለደ ነው፤ እሱም እስከ ማታ ይነገረዋል። ታሪኩን ከመስማቴ ብዛት እኔም የዘመትኩ እየመሰለኝ ነው። ታዲያ ያን ሰሞን ስለ መድፍ ሲያወሩልን በመሃል አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት መንገድ ዳር የሸጡላቸውን ጣፋጭ አነሱ። ዳይፉኩ ይባላል። ሩዝ በእንፋሎት ይበስልና ይወቀጣል፤ እንደ ሊጥ ሲያያዝ በስኳር ተቀቅሎ የተፈጨ ቀይ ቦሎቄ መሃሉ ተደርጎ ይድቦለቦላል።

«ቅቤስ?» አልኩ።

«የለውም።»

«እንቁላልስ?»

«የለውም አልኩሽ!»

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስለ መድፉ ከሚነግሩን ይህን አይነግሩንም ነበር?»

ቀይ ቦሎቄውን እህል ነጋዴዋ ፋጡ ከአቦምሳ አመጣችልን። «እኔ የምጾመው በሌላ ወር ነው» አለች፤ «ቦሎቄዬ ግን ለሁሉም ይሆናል።» ሩዙ ነው ያስቸገረን፤ የጃፓኑ ዓይነት አልነበረምና አልያያዝ አለ። ጋሼ ሙቀጫ አስመጡና ዘነዘናውን ራሳቸው ያዙ። ወንድ፣ ያውም ዘማች፣ ሲወቅጥ! ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ቱሳ እጁን ውሃ እየነከረ በምቱ መካከል ሩዙን ያገላብጣል።

«ጣቴን!»

«አውጣዋ ታዲያ!»

«ያ ረቢ፣ ሰውዬው ጠላት ያዩ መሰላቸው!»

በስንት መከራ ተያያዘ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሲጎትቱት የሚለጠጥ።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ግራዝማች ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ አሉ። «የጾም ነው?» «የጾም ነው።» አንዱን በሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጨምሪ!» አሉ። ጨመርኩ። ሁለተኛውን ሲነክሱት ተለጠጠ፤ ግማሹ አፋቸው ውስጥ፣ ግማሹ እጃቸው ላይ፣ የተረፈው ጢማቸው ላይ። ያኔ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት።

«አይብ! አይብ ነው! ጾሜን አስገደፉኝ!»

«ኧረ ሩዝ ነው፣ ግራዝማች።»

«ዝም በይ! እኔን ልታታልይ? ገና ከመጀመሪያው ጉርሻ አውቄዋለሁ!»

አሰላ ውስጥ ወሬ በእግሩ አይሄድም፣ ይበራል። እስኪመሽ አንድ ሰው ደጃችንን አልረገጠም። ጋሼ «ነገ እንዘጋለን» አሉ። ቱሳ ሽርጡን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ዛፍ ሥር ሄድኩ። በአክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ «ግራዝማች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«አይብ መሆኑን ከመጀመሪያው ጉርሻ አውቀውታል አይደል?»

«እንዴታ! እኔን ማን ያታልለኛል?»

«ታዲያ በሁዳዴ፣ አይብ መሆኑን እያወቁ፣ ለምን ‹ጨምሪ› አሉኝ?»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ወደ ግራዝማች አዞሩ። አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላው «መልሱላት እንጂ» አሉ።

ግራዝማች፣ አይቆጡኝ፤ እንደዚያ ፈጥኖ የሚያስብ ሰው አይቼ አላውቅም። ወይ ጣፋጩ የጾም ነው፣ ወይ እርስዎ በሁዳዴ አይብ አስጨምረዋል። ብድግ አሉ። «ተነሡ! ሁላችሁም ሄዳችሁ ሲሠራ ታያላችሁ!»

ጓሯችን ሞላ፤ ቱሳም ተጠርቶ መጣ። ግራዝማች የጋሼን አወቃቀጥ ጥቂት አዩና «ይህ ነው መውቀጥ? አምጣ!» ብለው፣ ኩታቸውን ለእትዬ ሸዋዬ አስይዘው ዘነዘናውን ተቀበሉ። የቱሳ ጣት እንዴት እንደተረፈ ፈጣሪ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ስለ አይብ የሚያነሳ ሰው ሲመጣ እኛ አፋችንን አላደከምንም። «ሩዝ ነው! በእጄ ወቅጬዋለሁ!» የሚል ጠበቃ መስኮቱ ሥር ተቀምጦልን ነበር። ለፋሲካም ቅቤ ያለውን ኬክ ብናቀርብላቸው «ያኛውስ የለም?» አሉን።

ሁዳዴን ሙሉ በራችን ተከፍቶ ዋለ። ቱሳ ዲክሲስ አልሄደም። ግንቦት ላይ ሴት ልጅ ወለደ፤ እዚሁ፣ አሰላ።

ሽማግሌ ላይ ትቀልዳለች ትሉኛላችሁ። እቀልዳለሁ! የምቀልደው ግን የሚሰማኝ ሽማግሌ ስላገኘሁ ነው። አዲስ አበባ ማን ላይ እንደምቀልድ ከአሁኑ ጨንቆኛል። ጋሼ፣ እርስዎንም ከእንግዲህ ታሪክዎን የሚያቋርጥዎ አይኖርም። ደስ ይበልዎት ልል ነበር፤ ፊትዎን ሳየው ግን ተውኩት።

እንግዲህ ልሰናበት። ጋሼ አሰግድ፣ ክንድዎ አይዛል። እትዬ ሸዋዬ፣ የእህትዎን ባል ፊት እግዚአብሔር ያብራለት፤ እርስዎን ግን እዚሁ ያቆይዎት። ግራዝማች፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ ጥቂት ጥርስም ይመርቅልዎ። ሁላችሁንም የዓመት ሰው ይበላችሁ፤ ስመለስ አንድም ሰው ሳይጎድል ላግኛችሁ። ቱሳ ወንድሜ፣ ልጅህ እዚህ ትዳህ፣ እዚህ ፊደል ትቁጠር። አድጋ «አገርሽ የት ነው?» ብለው ሲጠይቋት ሳታስብ «አሰላ!» ትበል።

አሜን በሉ እንጂ!