በመልሱ ገጽ ላይ የቀረበ ይግባኝ

አቶ ዓለምሰገድ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ አያት ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። መከበራቸውን ከማንም አስቀድመው የሚያውቁት ደግሞ ራሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት አሥራ ዘጠነኛውን የመለማመጃ ፈተና ኮፒ ለማስደረግ ላጲሶ ሱቅ ገቡ። ላጲሶ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ከማስተካከሉ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ይመጣል ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ» አለ ላጲሶ፣ መብራት ኃይል ቀጠሮ የሰጠው ይመስል።

አግዳሚው ላይ የውክልና ወረቀት ይዛ የምትጠብቅ ገላኔ ነበረች። ገላኔ የፎቃቸው ጎረቤት ናት። ቤተሰቦቿ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚያው መሬት ላይ ጤፍ ይዘሩ ነበር፤ እሷ ግን ሕግ ተምራ ቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ ጠበቃ ቢሮ ትሠራለች። ብድግ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ጎናቸው አስቀመጧት።

«የሕግ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና መቼ ነው ጋሼ?»

«ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ሦስተኛዬ ነው። ከዚህ በኋላ አያስፈትኑም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁለት ጊዜ መውደቃቸውን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ተናኜ በቀር ለማንም ነግረው አያውቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ክርክር በብብታቸው ይዘው ከችሎት ችሎት ሲያመላልሱ አንድ ቀን እንኳ ቆመው አልተከራከሩም። ከመሞታቸው በፊት አንዴ «ክቡር ፍርድ ቤት» ብለው መጀመር በጣም ይናፍቃቸው ነበር። ይህ በር ከተዘጋ ሌላ በር አልነበራቸውም።

ወዲያው ግን ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «ቢሆንም አልሰጋም። ሕግ አዋቂ ሁሉ መዝገብ ያውቃል። እኔ ደግሞ መዝገብን እንደ አባቴ ስም ነው የማውቀው። ሌላ ምን ይፈለጋል? አሥራ ስምንት ፈተና ሠርቼ ጨርሻለሁ። በመጨረሻው ሰማንያ ስምንት አግኝቻለሁ።»

«ጎበዝ! ከመቶ ሰማንያ ስምንት?»

«ከይግባኝ በኋላ» አሉ አቶ ዓለምሰገድ።

ገላኔ የሰማችውን ተጠራጠረች። «ከይግባኝ በፊትስ?»

«ሃምሳ አንድ።»

ቦርሳቸውን ከፍተው ወረቀቶቹን ሰጧት። መልሱ ገጽ ላይ ስህተት ከተባለው ጥያቄ ሁሉ ጎን፣ ባማረ የጽሕፈት ቤት እጅ በቀይ ቀለም «ይግባኝ ተብሏል። ውሳኔው ተሽሯል» የሚል ሰፍሯል፤ ቀንና ፊርማም አለው።

«ይግባኙን ማን ሰማው?»

«እኔ።»

«ይግባኝ ባዩስ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

«መልስ ሰጪው አልተጠራም?»

«መጥሪያ ደርሶት አልቀረበም» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል አልነበረም።

ላጲሶ ማሽኑን የሚጠርግ መስሎ ጀርባውን ሰጣቸው። አንባቢም ቢሆን ቸኩሎ አይሳቅ። በገዛ ጉዳዩ ላይ ዳኛ ሆኖ ተሰይሞ ራሱን ያላሸነፈ ሰው ካለ ይምጣና ይሳቅ።

«ጋሼ፣ ካልተቆጡ ልናገር። አዲሱን ፈተና ይተዉትና በነዚህ ውስጥ የተሳሳቱትን መልሰን እንይ።»

«የተመጠጠ ሸንኮራ መልሰህ ምጠጥ ነው የምትይኝ? ሰው ወደፊት ነው የሚሄደው። ደግሞስ ስህተቴን ጽፌ ላስቀምጥና ልጆቼ ያግኙት?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?» አለች ወረቀቶቹን እያገላበጠች። «እስቲ ሦስተኛው ፈተና ላይ ይቺን ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ወደ በሩ ብርሃን ዞሩ። «የግቢው ተከራዮች ሁሉ የበር ቁልፍ አላቸው። መሐሪ የበሩ ቁልፍ አለው። መሐሪ ተከራይ ነው ማለት ይቻላል? ይቻላል ብያለሁ። የመልሱ ገጽ ግን አይቻልም ይላል። ታዲያ ተከራይ ካልሆነ ቁልፉን ከየት አመጣው? የሰው ልጅ ሌባ ነው ልበል?»

«የግቢው ባለቤትስ ቢሆን?»

አቶ ዓለምሰገድ ጥያቄውን ደግመው አነበቡት። ባለቤት ቤቱን አከራይቶ ቁልፍ እንደሚያስቀር ያጡት ሰው አይደሉም።

«እሺ ሰባተኛውን ይዩ» አለች።

«ዘበኞች ሁሉ ፊሽካ ይይዛሉ። አሰጋሽ ፊሽካ ይዛለች…» ንባቡን ሳይጨርሱ ቆሙ። የእግር ኳስ ዳኛ ልትሆን እንደምትችል ያን ጊዜ ታያቸው። ማንም ሳይነግራቸው አሥራ አንደኛውን ገለጡ፤ ያው ነው። አሥራ አራተኛውም ያው። አንድ ሌባ በአንድ መስኮት አራት ጊዜ ገብቶ ሰርቋቸዋል፤ እሳቸው ግን በየጊዜው ሌባውን በነፃ አሰናብተውታል።

«እኔ እኮ አሥራ ስምንት ፈተና አይደለም የሠራሁት» አሉ ቀስ ብለው። «አንዷን ፈተና ነው አሥራ ስምንት ጊዜ የወደቅኳት።»

«መዝገብ ቤት ሳሉ ያልተመረመረ መዝገብ ይዘጉ ነበር?»

«እግዜር ያሳይሽ! አንድ ገጽ ቢጎድል እንኳ አልዘጋም።»

«ለስህተቱም መዝገብ ይክፈቱለት። ለምን ያንን መልስ መረጡ? ጥያቄውስ በትክክል ምን ነበር የጠየቀው? ሁለቱን ሳይጽፉ አይዝጉት።»

«ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚለው የቆየ ልማድ ጉሮሯቸው ድረስ መጣ። ሊከራከሩም አፋቸውን ከፈቱ። «ቢሆንም ልጄ፣ ሕግ አዋቂ ሁሉ መዝገብ ያውቃል፣ እኔም መዝገብ አው…»

ቃሉን ሳይጨርሱ ደነገጡ። ላጲሶም መጥረጉን ተወ። የሁለቱ ጊዜ ውድቀታቸው ሰበብ ቁልፍም ፊሽካም ሳይዝ ከገዛ አፋቸው ሲወጣ ሰሙት። አፈሩ፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያለ ጠቃሚ እፍረት አላፈሩም።

መብራቱ መጣ። «ስንት ኮፒ ላድርግ ጋሼ?» አለ ላጲሶ።

«ኮፒው ይቅር። ወፍራም ደብተር አለህ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሳምንት አንድ አዲስ ፈተና ብቻ እየሠሩ፣ የቀረውን ቀን ስህተታቸውን ሲመረምሩ ሰነበቱ። ጥቅሙ ብዙ ነበር። የማያውቁትን ከሚያውቁት ለዩ፤ የሚያውቁትን በመድገም ጊዜ ማባከን ቀረ፤ ወይዘሮ ተናኜም ባለቤታቸው «ተሳስቻለሁ» ሲሉ በሠላሳ ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ። ደብተሩን ልጆቻቸው አገኙት፤ ታናሽየው የሒሳብ ስህተቱን የሚመዘግብበት ሌላ ደብተር ገዛ።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ገላኔ አብራቸው ሄደች። ማለፊያው ስድሳ አምስት ነበር። እሳቸው ጣታቸውን በስሞቹ ላይ እየጎተቱ ወርደው ሰባ አንድ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይግባኝ ይላሉ ጋሼ?» አለች ገላኔ።

አቶ ዓለምሰገድ ኮታቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣» አሉ፣ «ውሳኔው ይጽናልኝ።»