ንቦች የሠሩት ድልድይ

ሰው ተሰብስቦ የሚስቅበት ቦታ መቆም አልወድም። ያን ጠዋት ግን የትምህርት ቤቱ ደወል ገና ስለነበር ሰው እየሳቀ ወደከበበው የማተሚያ ቤት መስኮት ጠጋ አልኩ። መስታወቱ ላይ በተለጠፈው ሥዕል ውስጥ አንድ ጺማም ሽማግሌ ቆመው ጥናት ያነባሉ፤ ከራሳቸው በላይ ንቦች ድንጋይ ተሸክመው ድልድይ ይሠራሉ፤ ከፊታቸው የተቀመጡት ምሁራን ዓይናቸውን ጨፍነው ያጨበጭባሉ። ዘወር ብል እኚያው ጺማም ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመዋል! ጎረቤቴ፣ የከተማችን የምሁራን ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው።

"አዩልኝ መምህር? በስተርጅና የመንገደኛ መሳቂያ ሆንኩ" አሉኝና የማተሚያ ቤቱን በር በከዘራቸው ገፍተው ገቡ።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተከትያቸው ገባሁ። ውስጥ፣ ገመድ ላይ እንዲደርቁ በተሰቀሉት እርጥብ ወረቀቶች መካከል፣ የእህታቸው ልጅ ቆማለች። በቅርቡ ተመርቃ የማኅበሩ አባል የሆነች መሐንዲስ ናት።

"እሰይ፣ እንኳን አገኘሁሽ" አሏት። "ይህን የሣለውን ባለጌ ፈልጊልኝ። ነገ በጉባኤ ፊት ከማኅበሩ አስወጣዋለሁ።"

"አይድከሙ ጋሼ፤ የሣልኩት እኔ ነኝ።"

ምነው ባልገባሁ አልኩ በልቤ።

"አንቺ? እናትሽ ስትሞት አቅፌ ያሳደግኩሽ? ወጪት ሰባሪ!"

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፅዋ ግን አልተለወጠም። "ይስደቡኝ፤ መብትዎ ነው። ግን ንቦቹ ለምን ድልድይ እንደሚሠሩ አልጠየቁኝም።"

"ልታሾፊ ነዋ!"

"ባለፈው ጉባኤ ስለ ንብ እርባታ ሲያነቡ የአዲሱ ድልድይ ጥናት ገጾች ተቀላቅለውብዎት ነበር። 'ንግሥቲቱ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በሲሚንቶ ትለሰናለች' ብለው አነበቡ።"

"ሐሰት! አዳራሹ በሙሉ አጨብጭቦልኛል እኮ!"

"እኔን ያመመኝ እሱ ነው። እጄን ባወጣ አጠገቤ ያሉት ምሁራን 'ታላቅ ሲያነብ አይጠየቅም' ብለው አስቀመጡኝ። ቤት ልነግርዎ ስመጣ ደግሞ እርስዎ 'ጭብጨባውን ሰማሽ?' ብለው እንደ ልጅ ሲደሰቱ አፌ ተሳሰረ።"

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ገባሁ። "ልጄ፣ ቢሆንም ታላቅን አደባባይ ማውጣት ነውር አይደለም?"

"ጥፋቱ የጋሼ ብቻ ቢሆን በጆሯቸው እነግራቸው ነበር፣ መምህር። ሥዕሉን ደህና አድርገው ይዩት፤ የእሳቸው ዓይን ክፍት ነው። የሣልኩት አጨብጫቢዎቹን ነው። ከተማው ወንዙ ላይ ድልድይ የሚሠራው በዚህ ማኅበር ምክር ነው። ስሌቱ ቢሳሳት ማን 'ቆይ' ሊል ነው? በላዩ የሚያልፉት የእርስዎ ተማሪዎች ናቸው።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው ከገመዱ አንዱን የሥዕሉን ቅጂ አውርደው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

"ሲሚንቶ..." አሉ ቀስ ብለው። "ያን ቀን ቃሉ አፌ ውስጥ ከብዶኝ ነበር። ይሄ ምክትሌ አይደለም? ተነሥቶ አቅፎ ሳመኝ እኮ! 'እንዲህ ያለ ጥናት ሰምቼ አላውቅም' አለኝ።" ወረቀቱን ዝቅ አደረጉና፣ "እሱስ እውነቱን ነው" ብለው ሳቁ። ሲስቁ እንባቸው መጣ፤ ከሳቁ ይሁን ከኀዘኑ አልለየሁትም። "ዕድሜ ልክ አብረውኝ የኖሩት ወዳጆቼ እውነቱን ሊነግሩኝ አፈሩ፤ ያሳደግኳት ልጅ ደፈረች።"

በማግስቱ ሥዕሉ በአዳራሹ ውስጥ፣ አንባቢው ከሚቆምበት በላይ ተሰቀለ። ከእንግዲህ ጥያቄ ሳይቀድም ጭብጨባ የለም ተባለ። ምክትላቸው አኩርፈው ሁለት ጉባኤ ቀሩ፤ ሲሰለቻቸው ተመለሱ። የድልድዩ ጥናት ሲነበብ ልጅቷ እጇን አወጣች፤ የመሐለኛው ምሰሶ ቀጥኖ ተገኘና ስሌቱ ታረመ። ድልድዩ ተሠርቶ ባለቀበት ክረምት ወንዙ ሞልቶ አሮጌውን መሻገሪያ ጠራርጎ ሲወስድ፣ አዲሱ ንቅንቅ አላለም። በሳቅ የጀመረ ነገር የሰው ነፍስ አተረፈ ብል አላጋነንኩም።

አሁን በየጠዋቱ ተማሪዎቼን ይዤ በእሱ እሻገራለሁ። አንድ ቀን ሽማግሌውን መሐል ላይ አገኘኋቸው። ወደ ታች ወደ ውሃው ሳይ አይተውኝ ኖሮ፣ መከለያውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና፣

"አይስጉ መምህር" አሉኝ፤ "ይሄኛው ተጠይቆበታል።"