የደብሪቱ ማሽን

ሐምሌ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዲስ አበባ፤ የቤት ሠራተኛዋ ደብሪቱ በወይዘሮ ስመኝ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከሁለት ቀን በፊት በቆመው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ፊት ተንበርክካለች።

ደብሪቱ፦ እባክዎ እትዬ፣ ቁራሌውን ትንሽ ያስቆዩልኝ። ግማሽ ሰዓት ብቻ።

ስመኝ፦ ሰውየው ማሽኑን ሊወስድ ጋሪውን ይዞ በር ላይ ቆሟል! እኔው ጠርቼው እኔው ልገትረው?

ደብሪቱ፦ በረንዳው ላይ አረፍ ይበል፣ ሻይ እሰጠዋለሁ። አንድ ያልሞከርኩት ነገር አለ።

ስመኝ፦ ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ያልሞከርሽው ነገር አለ። ነገ የልጄ ምርቃት ነው ደብሪቱ። አርባ ሰው ነው የሚመጣው። ከቡፌው የወረደው ሳህን ሁሉ አቧራ ለብሶ ተከምሯል፣ አንቺ ብረት ትፈቻለሽ።

ደብሪቱ፦ ለዚያው ነው እኮ። ይሄ ከተነሳ ሁሉንም በሦስት ዙር ያወጣዋል።

ስመኝ፦ አይነሳም። ለባለሙያው ደውዬ "ስንት ዓመቱ ነው?" ሲለኝ ዘጠኝ አልኩት። "አሥር የደፈነ ብዙ አላየሁም፣ ያውም በጉድጓድ ውሃ" ነው ያለኝ። በቃው ማለት ነው።

ደብሪቱ፦ እሱ ያየው የሚይዘው ያጣውን ነው። እኔ በየሳምንቱ ማጣሪያውን አውጥቼ በጥርስ ብሩሽ እፈገፍገዋለሁ። በወር አንዴ አቼቶ ጨምሬ በባዶው አሽከረክረዋለሁ፣ ያ ነጩ ነገር እንዳይጋገርበት። ውሃ የሚረጩትን ክንፎች ቀዳዳቸውን በመርፌ ነው የምከፍተው። ይዩት እስኪ ውስጡን፣ የዘጠኝ ዓመት ዕቃ ይመስላል?

ስመኝ፦ ይሄን ሁሉ ማን አዘዘሽ?

ደብሪቱ፦ ማንም።

ስመኝ፦ የገዛነው ጊዜ "በኔ ምትክ ነው የመጣው" ብለሽ ሁለት ቀን እህል ያልቀመስሽ አንቺ አይደለሽም? ዛሬ እንደ ልጅ ታቅፈሽዋል።

ደብሪቱ፦ ያኔ አላወቅኩትም ነበር።

ስመኝ፦ አሰነፈኝ በይ።

ደብሪቱ፦ ይሁን፣ አሰነፈኝ። ብቻ ያቺን ካቻቢቴ ያቀብሉኝ።

ስመኝ፦ እንቺ። ደግሞ ምኑን ልትፈቺው ነው?

ደብሪቱ፦ ውሃ ያስገባል፣ ያሞቃል፣ ያጥባል። ማስወጣት ላይ ነው እምቢ የሚለው፤ ሆዱ ውስጥ ይዞት ይቆማል። መጀመሪያ የመብራቱ ማነስ መስሎኝ ነበር። ማጣሪያው ንጹሕ ነው። የኋላ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ ብዬ ትናንት ነቅዬ ነፋሁበት፣ እሱም ደህና ነው። የቀረው ከማጣሪያው ሥር ያለችው ፓምፕ ናት። ድሮ አንዴ ተበላሽቶ ባለሙያው ሲከፍታት አይቻለሁ፣ የሎሚ ፍሬ ነበር ይዛ የቆመችው።

ስመኝ፦ ሶኬቱን ነቅለሻል አይደል?

ደብሪቱ፦ ነቅያለሁ።

ስመኝ፦ ምነው በግራ እጅሽ? ከመቼ ወዲህ ነው ግራኝ የሆንሽው?

ደብሪቱ፦ በዚህ በኩል ስለሚመቸኝ ነው።

ስመኝ፦ እንደዚህ ተጣመሽ? አምጪ፣ እኔ ልፍታው።

ደብሪቱ፦ አይ! ይተዉት፣ ይኸው ላላ። ትንሽ... መጣ። እትዬ! ይዩ፣ አገኘሁት! የብርጭቆ ስባሪ ነው!

ስመኝ፦ እስኪ አሳዪኝ። ይሄማ ባለፈው ወር የሰበርሽው ነው።

ደብሪቱ፦ አዎ።

ስመኝ፦ ከሱ በፊት ሁለት ሳህን። ከሱ በፊት የሾርባ ጎድጓዳዬ። ስንት ዓመት አንዲት ማንኪያ ያልጣልሽ ሴት፣ ዘንድሮ ምን ነካሽ?

ደብሪቱ፦ ሳሙና አዳልጦኝ ነው። ሶኬቱን ይሰኩልኝ እትዬ፣ እባክዎ።

ስመኝ፦ ሰካሁት።

ደብሪቱ፦ በስመ አብ... ይሰማዎታል? እየወጣ ነው! ውሃው እየወጣ ነው! ሰውየውን ይሂድ ይበሉት!

ስመኝ፦ እውነትም! አንቺ ደግሞ ጉደኛ ነሽ። ቆይ ግን፣ ምንድነው የሚሸተኝ?

ደብሪቱ፦ ምንም አይሸትም።

ስመኝ፦ ላስቲክ ነው! እየጨሰ ነው፣ ራቂ ደብሪቱ!

ደብሪቱ፦ አሁን ይተወዋል። ሁለት ቀን ቆሞ ስለከረመ ነው፣ ይተወዋል፣ አንዴ ብቻ—

ስመኝ፦ ራቂ አልኩሽ! ይኸው፣ ብሬከሩ ጣለ።

ደብሪቱ፦ ይመልሱት። አንዴ ይመልሱት እትዬ።

ስመኝ፦ ቤቱን ልታነጂው ነው? ስባሪውን ነክሶ ሲታገል ሞተሩ ነዷል። አበቃ።

ደብሪቱ፦ ሞተር ለብቻው ይሸጣል። መርካቶ አይጠፋም። ሰኞ እኔው ራሴ ሄጄ—

ስመኝ፦ እንግዳው ነገ ነው እኮ! ደግሞስ ለዘጠኝ ዓመት አሮጌ ሞተር ይገዛል? ማሽኑ ሳይመጣ ሁለት ዓመት በእጅሽ ስታጥቢ አልነበር? አሁንም ታጥቢያለሽ። ሰውየውን ይግባ ልለው ነው። አንቺ ተነሺና ከትልቁ ድስት ጀምሪ።

ደብሪቱ፦ እትዬ...

ስመኝ፦ ድስቱን አንሺ ደብሪቱ።

ደብሪቱ፦ አልችልም።

ስመኝ፦ ምን አልሽኝ?

ደብሪቱ፦ እምቢ ማለቴ አይደለም። አልችልም። ቀኝ እጄ አይጨብጥም።

ስመኝ፦ አይጨብጥም ማለት?

ደብሪቱ፦ ከጥር ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ስነሳ ይደነዝዘኝ ነበር። ቀስ እያለ ውሎዬንም ያዘው። አሁን ሦስቱ ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም። ሽንኩርቱን በግራ ነው የምከትፈው። ልብሱን በእግሬ እየረገጥኩ ነው የማጥበው። ሳህኑን ደግሞ ማሽኑ ይሸፍንልኝ ነበር።

ስመኝ፦ ስድስት ወር! ስድስት ወር አጠገቤ ሆነሽ! የፈላ ውሃ ስትሸከሚ ቢከዳሽስ? ብትቀቀይስ? እንዴት አትነግሪኝም?

ደብሪቱ፦ ፈርቼ ነው።

ስመኝ፦ ምኔን? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ክፉ ቃል ተናግሬሽ አውቃለሁ?

ደብሪቱ፦ አያውቁም። ማሚቴንም ክፉ ቃል ተናግረዋት አያውቁም ነበር።

ስመኝ፦ ወጥ ሠሪዋን? እሷን ምን አመጣት አሁን?

ደብሪቱ፦ ዓይኗ ደክሞ ጨውና ስኳሩ ሲምታታባት፣ ብርድ ልብስ ጨምረው ነው የሸኟት።

ስመኝ፦ ሸኘኋት እንጂ አላባረርኳትም። መሳፈሪያዋን ሰጥቼ፣ አልቅሼ...

ደብሪቱ፦ አዎ፣ አልቅሰዋል። አውቶቡስ ድረስ እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። የትኛው እንደሆነ አይታያትም ነበርና ሹፌሩን ለምኜ ከኋላው አስቀመጥኳት።

ስመኝ፦ አሁን የት ናት?

ደብሪቱ፦ አላውቅም። እርስዎስ?

ስመኝ፦ እኔም አላውቅም።

ደብሪቱ፦ እሷ እንኳ የምትሄድበት አገር ነበራት። የኔ እናት አርፋለች። ወንድሜ ቤት እዚህ ከገባሁ ወዲህ ሁለት ሌሊት ነው ያደርኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሚስቱ ልጆቿን መሬት አስተኝታ ነው። እና ማሽኑን ጠበቅኩት። እሱ እስካለ እኔም አለሁ ብዬ። ይኸው፣ ስባሪው ከእጄ የወደቀው ነው። ያቆየኝን ነገር እኔው ገደልኩት።

ስመኝ፦ ሐኪም አይቶሻል?

ደብሪቱ፦ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብዬዎት አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። አንጓዬ ላይ ነርቩ ታፍኗል አሉኝ። በትንሽ ቀዶ ጥገና ይፈታል ብለው ወደ ሆስፒታል ጻፉልኝ።

ስመኝ፦ ይድናል ካሉሽ ታዲያ ለምን አልሄድሽም?

ደብሪቱ፦ ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ዕቃ አታነሺም ብለውኛል። ስድስት ሳምንት እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሠራተኛ የማን ቤት አለች?

ስመኝ፦ ደብሪቱ፣ እኔ—

ደብሪቱ፦ ምንም አይበሉ እትዬ። የነገውን እንግዳ በግራም በጥርሴም ብዬ አሳልፋለሁ። ሰኞ ልብሴን እሸክፋለሁ። ብርድ ልብስ አልፈልግም፣ አለኝ።

ስመኝ፦ ወረቀቱ የታለ?

ደብሪቱ፦ የቱ ወረቀት?

ስመኝ፦ ወደ ሆስፒታል የጻፉልሽ።

ደብሪቱ፦ ፍራሼ ሥር ነው። ምን ያደርግልዎታል?

ስመኝ፦ ሰኞ ካርድ ስናወጣ አምጡ ይሉናላ።

ደብሪቱ፦ ስናወጣ? አብረን?

ስመኝ፦ አብረን። በቀዶ ጥገናውም ጊዜ፣ ስድስቱን ሳምንትም።

ደብሪቱ፦ እትዬ... ይሄ ሁሉ ሳህንስ? አርባው ሰውስ?

ስመኝ፦ ከሲንኩ ፈቀቅ በይልኝ። ሳሙናው የት እንደሚቀመጥ ብቻ አሳዪኝ።