ገና በእንጭጩ

ባለፈው ዓመት፣ ቡቃያው ብቅ ባለ ሰሞን፣ የብስክሌቴ ጎማ ተንፍሶብኝ እየገፋሁ ስሄድ በአንድ የአኩሪ አተር ማሳ ዳር ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ደረስኩ። አንደኛው ሰፈሩ «ባለጉልበቱ» የሚላቸው ሽማግሌ ገበሬ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ ግብርና ተምራ የመጣች የእህታቸው ልጅ ነበረች። መምህር መሆኔን ያውቁ ስለነበር «ይኸው ዳኛ መጣልን!» ብለው አስቆሙኝ።

«ይህቺ ልጅ ጣት የማያህል አረም ንቀል ትለኛለች። በእጅ እንኳ አይያዝም! ጉልበት ሲያወጣ ባንዴ ጠራርጌ አነሣዋለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አጎቴ፣ ያን ጊዜ ሰብሉ ተጎድቶ አልቋል።»

«እንዴት ሆኖ? አረም አኩሪ አተር ይበላል እንዴ?»

ልጅቱ አንድ ቡቃያ ከጎኑ ካለው አረም ጋር በጥንቃቄ ቆፍራ አወጣችና አፈሩን አራገፈች። ከላይ እኩል የነበሩት ሁለቱ፣ ከሥር ሲታዩ የአረሙ ሥር እጥፍ ረዝሞ የቡቃያውን ተጠምጥሞበታል። እውነቱን ለመናገር እኔም እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

«ውሃውን ይሻማዋል፤ በቁመት ከበለጠው ደግሞ ፀሐዩን ይጋርደዋል» አለች። «የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ብቻ እያረሙ ያግዙት። ከዚያ የየመስመሩ ቅጠል እርስ በርሱ ይገጥምና በኋላ የሚመጣውን አረም ራሱ በጥላው ያፍነዋል።»

«ሰብል አራሚ ሲሆን ገና ዛሬ ሰማሁ!» ብለው ሳቁ ሽማግሌው።

እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ማሳው ዳር የተቀመጡት ባለቤታቸው ግን አልሳቁም። «አምና ያንን ግንድ የሚያክል አረም ስጎትት ነው እጄ የተበላሸው። ዘንድሮም እንደዚያ ከሆነ እኔ የለሁበትም፤ መሬቱን ለሌላ ስጠው» አሉ።

ይህን ጊዜ ሽማግሌው «እስቲ ፍረድ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በመጨረሻም ማሳው በገመድ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በእሷ፣ ግማሹ በእሳቸው መንገድ እንዲታረም ተስማማን።

በአጨዳ ጊዜ ስመለስ ሽማግሌው እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ለካ ነገሩ እረፍት ነሥቷቸው፣ ጠዋት ጠዋት በልጅቱ ወገን ቅጠሉን ገለጥ እያደረጉ ሲያዩ ከርመዋል። «ከሥሩ ጨለማ ነው። አረሟ እንደ ክር ቀጥና፣ ነጥታ፣ ብርሃን ፍለጋ ስትንጠራራ ወደቀች» አሉ በመደነቅ። «በእኔ በኩል ግን አረሙን ስነቅል ሰብሉም አብሮ ተነቀለ።»

ከእሷ ወገን ስድስት ጆንያ፣ ከእሳቸው ሦስት ተኩል ተገኘ። በጊዜ ያረመ ሰው ሥራው ይቀለዋል፤ ሰብሉ አይራብም፤ አረሙም ዘር ሳያፈስ ስለሚጠፋ የከርሞው ድካም ይቀንሳል። የባለቤታቸው እጅም ጨርቁ ወልቆለት ነበር።

ልሰናበት ስል ሽማግሌው ወደ ልጅቱ ዞሩ። «እኔ ምልሽ፣ ከርሞ መስመሩን ጠበብ አድርገን ብንዘራውስ? ቅጠሉ ቶሎ አይገጥምም?»

ልጅቱ በመገረም ቀና ብላ አየቻቸው። «አጎቴ፣ ይህን እኔ በትምህርት ነው ያወቅሁት፤ ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ሳየው ቆየሁ እኮ!»